በሩ አልከፈት ይላል፣ የኩሽና ጭስ አዳራሽ ይገባል፤ ባለሙያዎች እርዱኝ

የአዳማው ጥገና

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ላይ በጥገና ነው የምሠራው። ምድር ላይ ሬስቶራንትና ኩሽና አለ። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ቢሮና ማሠልጠኛ ነው። ከዚያ በላይ የእንግዳ ክፍሎች ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ መላ ያጣሁለት ነገር ስላለ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

የኩሽናው ጭስ አልወጣ ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ የሽንኩርትና የዘይት ሽታ አዳራሹን ይሞላዋል፣ ጥብስ ሲሠራማ የተቀመጠው እንግዳ ዓይኑን እያሸ ነው የሚበላው። የመግቢያው የመስታወት በር ደግሞ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ እሱ አልከፈት ይላል። አንድ ትልቅ ሰው በሁለት እጃቸው ሲታገሉ አይቼ አፈርኩ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሽንት ቤቶች የፍሳሽ ሽታ አምጥተዋል። ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ በበሮቹ ሥር ፉጨት ይሰማል።

የሁዱ (ከምድጃው በላይ ሆኖ ጭሱን የሚስበው ኮፍያ) ፋን ጣሪያ ላይ ነው ያለው። በቺንጋ የሚዞር ነው፣ ሞተሩ 5.5 ኪሎ ዋት፣ ሦስት ፌዝ (በሦስት የመብራት መስመር የሚሠራ)። ንጹህ አየር የሚያስገባ ሌላ ፋን ከኩሽናው ጀርባ አለ፣ እሱ 3 ኪሎ ዋት ነው። እስካሁን የሁዱን ፊልትሮዎች በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤያለሁ፣ ቺንጋ ቀይሬያለሁ፣ ኩሽኔታውን ግራሶ ሰጥቼዋለሁ። ለውጥ የለም።

ባለቤቱ አንድ ሰው አምጥቶ ነበር። ሰውየው ወደ ላይ አየት አድርጎ «ፋኑ አንሷል፣ ትልቅ ግዙ» ብሎ ሄደ። ልቤ አልተቀበለውም። ይሄው ፋን አራት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል፣ ኩሽናው አልሰፋም፣ ምድጃም አልተጨመረም። ታዲያ ፋኑ በምን ያንሳል? ገንዘቡ ወጥቶ ችግሩ እዚያው ቢቀር ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ላሜራ ቤት

ወንድሜ ፋን አትግዙ። የሞተሩን ፑሌጃ (ቺንጋው የተጠመጠመበትን ጎማ) አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው። ፋኑ ፈጥኖ ሲዞር ጭሱን ይጎትተዋል። እኔ ዳክት (አየር የሚሄድበት የላሜራ ቱቦ) ስገጥም ሁለት ሦስት ቦታ እንደዚህ አድርጌ ሠርቷል። ዳክቱንም ዙሪያውን በእጅህ ዳስሰው፣ መጋጠሚያው ላይ የሚነፍስ ካለ ሲሊኮን ስጠው።

ሜካኒካል ሐዋሳ

የዳክቱን መጋጠሚያ ማየቱ ጥሩ ነው። ፑሌጃውን ግን እባክህ አትንካው። የፋን ፍጥነት 10 በመቶ ሲጨምር ሞተሩ የሚጠየቀው ኃይል 33 በመቶ ይጨምራል። ፍጥነቱን 20 በመቶ ከፍ ካደረግክ ደግሞ 73 በመቶ። አየሩ የሚጨምረው ግን 10 ወይም 20 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ተደርጎ የተቃጠለ ሞተር በዓይኔ አይቻለሁ፣ እሑድ ቀን፣ ሠርግ ባለበት።

ደግሞ የነገርከን ሁለት ነገር እርስ በርሱ አይገጥምም። በሩ ከበደ ማለት ሕንጻው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አንሷል ማለት ነው፤ አየር ከሚገባው በላይ እየወጣ ነው። ጭስ አዳራሽ ገባ ማለት ደግሞ ሁዱ አየር በደንብ እየሳበ አይደለም ማለት ነው። አንድ ፋን በአንድ ጊዜ በጣም እየሳበ በጣም ሊደክም አይችልም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በሩ የሚከብድበት ሰዓትና ጭሱ የሚገባበት ሰዓት አንድ ነው? ወይስ በሩ ሲከብድ ጭሱ የለም፣ ጭሱ ሲመጣ በሩ ቀላል ነው? ዝም ብለህ ከምትመልስልኝ ለጥቂት ቀን ደብተር ያዝና ሰዓቱን ጻፍ። ነፋስ መኖር አለመኖሩን፣ መብራት መኖር አለመኖሩን፣ ስንት ምድጃ እንደበራ፣ ሁሉንም።

ስለ ፋን ግዢው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ድንገት ከገዛችሁ እንዳትሸወዱ። የፋን ካታሎግ የሚጻፈው ለባሕር ወለል አየር ነው፣ አንድ ሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ፋኑ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን ያው ነው፣ የሚፈጥረው ግፊት ግን ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል። ሐዋሳም እንደዚያው ነው። ይሄን ሳያሰላ «ትልቅ ግዙ» ከሚል ሰው ተጠንቀቁ።

ጡረተኛው ቴክኒሻን

ልጄ፣ እህትህ ሜካኒካል ሐዋሳ የነገረችህ ልክ ነው። ደብተር ያዝ። እኔ ደግሞ በጥቂት ብር የሚሠራ የግፊት መለኪያ ላሳይህ።

ሁለት ሜትር የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ የላስቲክ ቱቦ ግዛ። በግማሽ አጥፈህ እንደ ዩ ቅርጽ ጣውላ ላይ እሰራት። ውሃ ግማሽ ድረስ ሙላ፣ በደንብ እንዲታይህ የልብስ ቀለም ጠብ አድርግበት። አንዱን ጫፍ በመስኮት ወደ ውጭ አውጣ፣ ሌላው አዳራሹ ውስጥ ይሁን። በሮቹ ሁሉ ሲዘጉ ውሃው በሁለቱ ክንድ ላይ እኩል ካልቆመ ልዩነቱን በማስመሪያ ለካ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት ወደ 10 ፓስካል (የግፊት መለኪያ) ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ካስቸገረህ ቱቦዋን አጋድማት። በአሥር አንድ (በአሥር ሴንቲ ሜትር ርዝመት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ እንድትል) ካጋደምካት አንዱ ሚሊ ሜትር አሥር ሆኖ ይታይሃል።

ትንሽ ቁጥር መስሎህ አትናቀው። ባለ ሁለት ካሬ ሜትር በር ላይ 50 ፓስካል፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ውሃ፣ አሥር ኪሎ እንደተጫነበት ነው። እጀታው ጋ ግማሹ ይሰማሃል። የበሩ መመለሻ ስፕሪንግ ሲጨመርበት አንድ አዛውንት ለምን እንደሚታገሉ ይገባሃል።

አየሩን እንዲህ አስበው። ሁዱ መቶ ባልዲ አየር ካወጣ መቶ ባልዲ አየር ከሆነ ቦታ መግባት አለበት። በተሠራለት በር ካልገባ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል፣ በበር ሥር እያፏጨ ይገባል፣ በፍሳሽ ቱቦም ይገባል። ስለዚህ የሚያስወጣውን ፋን ከመውቀስህ በፊት የሚያስገባውን ሂድና እየው። እርሱን ስለማጽዳትህ ምንም አልጻፍክም።

ስለ ሽንት ቤቱ ሽታ፣ ሲፎን (የፍሳሽ ሽታ እንዳይወጣ ውሃ የሚይዘው የቱቦ ጥምዝ) ውስጥ የሚቆመው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር መሳብ ያንን ውሃ አይነቅለውም። ሽታ ከመጣ ሲፎኑ ደርቋል ማለት ነው። የወለሉን ሲፎኖች አንድ በአንድ እየዞርክ ውሃ ሙላ። ብዙ የማይገባበት ክፍል ከሆነ ከላዩ ትንሽ የምግብ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ውሃው ቶሎ አይተንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትውል ሳታድር አድርግ። አዳራሹ ውስጥ ቡና በከሰል የሚፈላ ከሆነ ይሄ ነገር እስኪስተካከል ድረስ ከሰሉን ወደ በረንዳ አውጡት። የአየር ፍሰቱ የተዛባ ሕንጻ ውስጥ ከሰል ማንደድ በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ፍሙ ስለቀላና ጭሱ ስለጠፋ መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ቡና የምታፈላውን ልጅ ራስ ምታት አለብሽ ወይ ብለህ ጠይቃት።

የአዳማው ጥገና

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅቷን ጠየቅኳት። ከሰዓት ከሰዓት ራሷን ያማታል፣ እሷ ግን ከድካም ነው ብላ ነበር የምታስበው። በዚያኑ ቀን ረከቦቱንም ምድጃውንም በረንዳ አወጣነው። ይሄን ባትነግሩኝ ኖሮ መቼም አላስበውም ነበር።

ደብተሩንም ይዣለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የጻፍኩት ይኸው። ሰኞና ማክሰኞ መብራት አልጠፋም። በሩ ቀኑን ሙሉ ከባድ ነው፣ በተለይ ከ5 ሰዓት ጀምሮ፣ ጭስ ግን አዳራሽ አልገባም። በሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ቱቦዋ 3 ሚሊ ሜትር አሳየችኝ። ረቡዕ ጠዋት በሩ ከባድ ነበር። 6 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተር ተነሣ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጭሱ አዳራሽ ገባ። ሮጬ ሄጄ በሩን ብገፋው ቀላል ነው! ቱቦዋም እኩል ቆማለች። 9 ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ጭሱ ጠፋ፣ በሩ ተመልሶ ከበደ። ሐሙስ እንደ ሰኞ ነው።

ስለዚህ እህቴ እንዳልሽው ሁለቱ አብረው አይመጡም። ጭሱ የሚመጣው በጀነሬተር ጊዜ ነው። ጀነሬተሩ አዲስ ነው፣ ከተገጠመ ሁለት ወር አልፎታል። አቅሙ አንሶ ይሆን? ቮልቴጁን በቴስተር ለካሁት፣ ልክ ነው። የፋኑ ሞተርም ይዞራል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አየሩ ሲወጣ በእጄ አረጋግጫለሁ። ሊፍቱ ግን በጀነሬተር አይሠራም፣ ኃይል ስለማይበቃው መስሎን «መብራት ሲጠፋ ሊፍት የለም» የሚል ወረቀት ለጥፈናል። የውሃ ታንከሩም በጀነሬተር ጊዜ ቶሎ አይሞላም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው

ወንድሜ መልሱን ራስህ ጻፍከው! ሊፍቱ ነው የነገረህ። ሊፍት የፌዝ ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ሪሌ (ራሱ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) አለው፣ ፌዞቹ ተገላብጠው ከመጡ አልነሣም ይላል። ኃይል ያነሰው ነገር የለም። ጀነሬተሩን የገጠሙት ሰዎች ሁለት ፌዝ አለዋውጠው አስረውታል፣ በጀነሬተር ጊዜ ሕንጻው ውስጥ ያለው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ፓምፑም ውሃ የሚያንሰው ለዚያ ነው።

አየሩ ሲወጣ በእጅህ አረጋገጥክ፣ እሱ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ተራ ፋን በግልባጭ ከዞረ አየሩን መልሶ ያስገባል፣ ወዲያው ታውቃለህ። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ቤት ያለው ፋን ግን በግልባጭ ቢዞርም አየሩን በዚያው አፍ ነው የሚያወጣው፣ መጠኑ ነው በጣም የሚወርደው። ድምፅ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ሥራ የለም። አምፔር ብቻ አይተህም አትፍረድ፣ እንደ ክንፉ ዓይነት ሊቀንስም ሊጨምርም ይችላል። የሚያስተማምነው የፋኑ ቤት ላይ ያለው ቀስት ነው። ጀነሬተር ላይ እያለ ፋኑን አጥፋና ሊቆም ሲል ቀስ ብሎ የሚዞርበትን አቅጣጫ ከቀስቱ ጋር አስተያየው።

አሁን አደራ የምልህ፣ ፌዙን ሞተሩ ላይ እንዳትቀይረው። ሞተሩ ላይ ከቀየርክ በጀነሬተር ይስተካከልና በመብራት ይገለበጣል። የሚቀየረው ከጀነሬተሩ ወጥቶ ወደ ቼንጅ ኦቨሩ (ከመብራት ወደ ጀነሬተር መቀየሪያው) በሚገባው ኬብል ላይ ነው፣ ከሦስቱ ማናቸውንም ሁለቱን ማለዋወጥ። ፈቃድ ያለው ሰው ይሥራው። ጀነሬተራችሁ በራሱ የሚነሣ ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳይፈታ ማንም እጁን አያስገባ፣ መብራት በዚያ ደቂቃ ቢጠፋ ተነሥቶ ሰው ይገድላል። ሲያልቅ በፌዝ መለኪያ መብራቱንና ጀነሬተሩን ማመሳከር ነው።

ሜካኒካል ሐዋሳ

ደስ ሲል! ግማሹ ተፈታ። ግማሹ ግን አልተነካም። ፌዙ ሲስተካከል በሩ በጀነሬተርም ጊዜ መክበዱ አይቀርም፣ ምክንያቱም ያ የሌላ ችግር ምልክት ነው። ጋሼ እንዳሉህ ንጹህ አየር የሚያስገባውን ፋን ከነመግቢያው ፈትሽ። የላሜራ ወንፊቱን፣ ፊልትሮውን፣ ዳክቱ ውስጥ ያለውን መዝጊያ ክዳን፣ ሁሉንም። የአዳማን አቧራ አውቀዋለሁ፣ በበጋ በሦስት ሳምንት ፊልትሮ ይደፍናል። አንድ ጊዜ ከዚያ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ያለው ነጭ ሸሚዝ ሳይቀር ቡናማ ሆኖ ነበር።

ሌላው ነፋሱ ነው። ከተማው ዙሪያ የነፋስ ተርባይን የተተከለው ነፋሱ ስላለ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ወደ 50 ፓስካል ይገፋል። ትንንሾቹ የሽንት ቤት ፋኖች ከዚያ ብዙም አይበልጡም። ፋናችሁ ነፋሱ በሚመጣበት ግድግዳ ላይ ከሆነ ከሰዓት ከሰዓት የሚያወጣውን ሽታ ነፋሱ መልሶ ያስገባዋል። የኩሽናው ጭስ መውጫና የንጹህ አየሩ መግቢያም ቢያንስ 3 ሜትር ይራራቁ፣ አለዚያ ያወጣችሁትን ጭስ መልሳችሁ እያስገባችሁ ነው።

የአዳማው ጥገና

ይቅርታ ቆየሁ፣ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። ግን ደስ የሚል ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ንጹህ አየር መግቢያው ጋ ሄድኩ። ወንፊቱን ስፈታው ከኋላው ድርብርብ ስፖንጅ ተወጥሮበታል፣ ከስፖንጁ ኋላ ደግሞ ፊልትሮው አለ፣ ሁለቱም እንደ ጭቃ ጡብ ደርቀዋል። ጠይቄ ጠይቄ ደረስኩበት። ኩሽና ውስጥ ከሚሠሩት አንዱ፣ የበጋው አቧራ ወጡ ላይ እየወረደ ሲያስቸግረው ምግቡን ላድን ብሎ ያደረገው ነው። ልጁን አልተቆጣሁትም። ስለ ምግቡ ንጽሕና ማሰቡ መልካም ነው፣ ያልነገርነው እኛ ነን። ስፖንጁን አውጥተን ፊልትሮውን ቀየርን፣ ሁለተኛ ፊልትሮ በመጠባበቂያ ገዛን፣ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ሊቀይረው ኃላፊነቱን የወሰደው ራሱ ልጁ ነው።

በዚያኑ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቱቦዋን አየኋት። 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ቀጥ አድርጌ ስይዛት ጭራሽ አይታይም። አጋድሜ ነው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያገኘሁት። በሩን በአንድ ጣት ገፋሁት።

ጀነሬተሩን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ቅዳሜ ማታ ሠራው። ባትሪው ተፈትቶ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ፌዝ መለኪያው ከመቀየሩ በፊት በእርግጥም ግልባጭ አሳየ። ሲጨርስ ጀነሬተሩን አስነሣንና ፋኑን አስቁመን አየነው፣ እንደ ቀስቱ ዞረ። ከዚያ ሊፍቱን ጠራሁት፣ መጣ! ወረቀቱን እዚያው ቀደድኩት። ትናንት መብራት ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ነበር፣ ጥብስ ሲወጣ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም።

ሲፎኖቹን ዞሬ ሞላሁ። ስድስቱ ደርቀው ነበር። ሽታው ጠፋ፣ ግን ማሠልጠኛው ጋ ያለው አንድ ሽንት ቤት አሁንም ከሰዓት ይሸታል። እህቴ እንዳልሽው ፋኑ ያለው ነፋሱ በሚመጣበት ግድግዳ ላይ ነው። የፉጨቱም ነገር ቀነሰ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ላሜራ ቤት እንዳለው የዳክቱን መጋጠሚያዎች ስዳስስ ሁለተኛ ፎቅ ኮርኒስ ውስጥ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁ።

ባለቤቱ ለፋን የያዘውን ገንዘብ አልነካም። ከዚያ ላይ ለኩሽናውና ለቡና ቦታው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲገዛ ለምኜው እሺ ብሏል።

ላሜራ ቤት

እንኳን ደስ አለህ። የፑሌጃውን ነገር መልሼ ወስጃለሁ፣ ስለ ኃይሉ የተጻፈውን አላውቅም ነበር፣ ከእንግዲህ ሞተር ሳልለካ አልነካም። ለነፋሱ ግድግዳ ክንድ ያለው የላሜራ ኮፍያ ሥራለት፣ አፉ ወደ ታች የሚያይ። ካልሆነ ቱቦውን ወደ ጣሪያ አሳድገው። የኮርኒሱ ክፍተት ጣት የሚያስገባ ከሆነ ሲሊኮን ብቻ አይይዘውም፣ መጀመሪያ ላሜራ ጠግንበት።

ጡረተኛው ቴክኒሻን

ልጄ ተባረክ። ሁለት ነገር ቀርቶሃል። ፋኑ ሁለት ወር በየጊዜው ወደ ኋላ ሲዞር ጭሱ ዳክቱ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሄደው፣ ስለዚህ ቅባቱ ከወትሮው በላይ ግድግዳው ላይ ተጋግሯል። ያ ቅባት እሳት ካገኘ እስከ ጣሪያ ነው የሚነድደው። መፈተሻ በሩን ክፈትና በባትሪ መብራት እየው፣ ወፍራም ከሆነ ኩሽናው በሚዘጋበት ሌሊት ይፋቅ።

ሁለተኛው ቺንጋው ነው። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለጠጣል፣ የቀየርከው ደግሞ ቆይቷል። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለውን ርቀት ለካ፣ 64 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መሐሉን በጣትህ ስትጫነው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ከዚያ በላይ ከገባ አጥብቀው።

የአዳማው ጥገና

እሺ ጋሼ። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳይጀመር፣ ነፋሱም ሳይነሣ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። ዳክቱን ከፍቼ ያየሁትን ፎቶ አንሥቼ እዚሁ አደርገዋለሁ።